በመስቀል የተራቡት ጥንዚዛዎች

በ፳፻፲፯ ዓ.ም. መስከረም ነው፤ ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ባቄላው አበባውን አራግፎ እሸት ሲይዝ። ያን ጊዜ አሰላ ዳርቻ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጥንዚዛ አረባ ነበር። ቀይ ጀርባቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ናቸው። ምግባቸው ክሽክሽ ነው፤ ያ የባቄላን ጫፍ እንደ ጥቀርሻ አልብሶ ጭማቂውን የሚመጥ ደቃቅ ተባይ። ካደገችው ጥንዚዛ ይልቅ እጯ በላተኛ ናት፤ ስለዚህ ማሳ ላይ የምንለቀው እጩን ነው።

ሥራው ጉልበት አይጠይቅም፤ ግን አያሳርፍም። ክሽክሽ የወረረውን የባቄላ ጫፍ በየቀኑ ቆርጦ ማምጣት፣ የደረቀውን ማውጣት፣ የሚኖሩበትን ዕቃ አፍ መልሶ በሻሽ ማሰር። ወገቤን ያመኝ ነበር። ቢሆንም ሁለት ልጆቼን የማበላው በዚያ ነውና ተመስገን እላለሁ።

የዚያን ወር እጮች ለአንድ ሽማግሌ ገበሬ ቃል ገብቼላቸው ነበር። ጭላሎ ሥር ባቄላ ዘርተዋል። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ መድኃኒት ሲረጩ እሳቸው እጃቸውን ሰብስበው ጠበቁኝ። ርጭቱ ጥንዚዛዎቹንም ይገድላልና፣ እባክዎ አይርጩ ያልኳቸው እኔ ነኝ። በመስቀል ማግስት፣ ቅዳሜ ላመጣላቸው ተስማማን።

ሐሙስ ጠዋት እጮቹን አበላሁና ለደመራ ወጣሁ። ዓርብ መስቀል ነው። እኔ በበዓል ሥራ አልነካም፤ እናቴም አትነካም ነበር። የባቄላ ጫፍ መቁረጥ ደግሞ ለእኔ አጨዳ ነው። ክፍሉን ቆልፌ ሄድኩ፤ ሌላ ሰው እንኳ አልለመንኩም።

ቅዳሜ ሻሹን ስፈታ ዕቃዎቹ ጭር ብለዋል። እጭ ሲርበው ወንድሙን ይበላል፤ ይህን አውቅ ነበር። በየዕቃው የተረፉት ሁለት ሦስት ናቸው፤ እነሱም ወፍረዋል። የቀረው ባዶ ቆዳ ነው። ቁጭ አልኩ። ማልቀስም ደከመኝ።

ከሰዓት በኋላ በእግሬ ወጥቼ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። የመርጫውን ፓምፕ ደጃፍ ላይ አውጥተው አስቀምጠውታል። ሙስሊም ናቸው፤ በዓላችንን ግን ከእኔ እኩል ያውቁታል።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «በመስቀል ቀን ለበሬ ጭድ አይቀርብለትም?»

«ይቀርብለታል፣ አባባ።»

«ላም አትታለብም?»

«ትታለባለች።»

«ታዲያ ያንቺ ከብቶች ቀንድ ስለሌላቸው ነው ጦም ያዋልሻቸው?»

እኔ አልሳቅሁም፤ እሳቸውም አልሳቁም። ማሳውን ይዘውኝ ዞሩ። ዳር ዳሩ ጠቁሯል፤ መሐሉ ገና ደኅና ነበር። የተረፉትን እንዳመጣላቸው፣ እስከ ሐሙስ እንደሚጠብቁኝ፣ ካልሆነ ግን እንደሚረጩ ነገሩኝ። ቢረጩም አልፈርድባቸውም ነበር። ሊያባርሩኝ ሲችሉ አምስት ቀን ሰጡኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ማግስቱ እሑድ ነበር። ደወል ሲደወል ክፍሉን ከፍቼ፣ እንቁላል የሚጥሉትን ጥንዚዛዎች አስቀድሜ አበላሁ። የተረፉትን እጮች ይዤ ወጣሁና ማሳው ዳር ተንበርክኬ፣ በዶሮ ላባ እያነሣሁ በጠቆረው ጫፍ ላይ አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ እጄን በጤዛው አብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ወደ ቅዳሴ ወረድኩ።