ከመድረኩ ሥር

አናጺው፣ "የመድረኩ ቋሚዎች ቀጫጭን ናቸው፤ ሰው አይችሉም" ብሎ ለርእሰ መምህሩ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። "አንተ ዝም ብለህ ምስማርህን ምታ!" አሉት። በትምህርት መዝጊያው ዕለት መድረኩ ሲንገዳገድ ግን፣ "በል ግባና በትከሻህ ደግፍ" ብለው ከሥሩ ሰደዱት። ሴት ልጁ አንደኛ ወጥታ ስትጠራ፣ መድረኩን ቢለቀው ይዟት ይወድቃልና፣ ወጥቶ ሳያያት ኮቴዋን ብቻ ከአናቱ በላይ ሰማ። የሰው ጥፋት ከራስ ጥፋት ይልቅ ትከሻ ይሰብራል።

ቅዳሜ ቤተሰቡ ሊዝናና ወንዝ ዳር ሲወርድ፣ ልጅቱ ሽልማቷን ታቅፋ ቋጥኝ ላይ ወጣች። "አባዬ፣ አሁን እየኝ!"

እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ፤ ደሙ ግን እንደፈላ ነው።

"ቋጥኙንም ልትደግፍ ነው እንዴ?" አለች ሚስቱ እየሳቀች።

"ይሄ ደጋፊ አይፈልግም" አለ ጥርሱን ነክሶ። "የርእሰ መምህሩን መድረክ ግን ከእንግዲህ እሳቸው ይሸከሙት!"