ኩርኮራ የማይችሉት አቶ ለይኩን

አቶ ለይኩን ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ በፊታቸው ኮስታራነት የሚፈሩ ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ኃላፊነት ሲያገለግሉ ጥርሳቸውን ያየ ባለጉዳይ የለም፤ አየሁ የሚል ቢኖር የጥርስ ሐኪማቸው ነው። ፈገግታ ሥራ ያበላሻል ብለው ያምኑ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሥራ ያለ ፈገግታም ሲበላሽ ኖሯል፤ ይህን ግን ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል?

እኚህ ባለ ግርማ ሰው አንድ ጉድ አለባቸው። ሆዳቸውን የነኳቸው እንደሆነ እንደ ሕፃን ይንከተከታሉ። ምስጢሩን የሚያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ ውብነሽ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሆዳቸውን ሲያማቸው ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ሄዱ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሐኪሙ "እስቲ ይጋደሙ" ሲላቸው "ተሻለኝ" ብለው ወጡ። ክብር ከጨጓራ ይበልጣላ!

ሕመሙ በጀመራቸው በስድስተኛው ወር ወይዘሮ ውብነሽ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያሉ ባጃጅ ላይ ጭነው ወሰዷቸው።

ዕድላቸው ሆኖ ያን ቀን ዶክተር ፈየራ ስድስት ተማሪዎች አስከትሎ ነበር። ሸሚዛቸውን ገለጠ። ጣቱ ገና እንብርታቸው አጠገብ ሲደርስ አቶ ለይኩን በሳቅ ፈነዱ፤ አልጋው ተንቀጠቀጠ። አንዱ ተማሪ ፊቱን በደብተሩ ሸፈነ። መዝገብ ቤት ደጅ የጠና ቢሆን ኖሮ ደስታው እጥፍ በሆነ።

"ኦብሳ፣ ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡ" አለ ዶክተሩ ኦሮምኛ ቀላቅሎ። ለመታገሥ ሞከሩ። ባሰባቸው።

ትህትና የምትባል ተማሪ ቀረብ አለች። "አባባ፣ እጅዎን ይስጡኝ።" መዳፋቸውን ሆዳቸው ላይ አኖረችና የራሷን በላዩ ደረበች። "ሰው ራሱን መኮርኮር አይችልም። አንጎላችን የገዛ እጃችን የት እንደሚያርፍ ቀድሞ ስለሚያውቅ ችላ ይለዋል። አሁን የእኔንም እንደ እርስዎ እጅ ይቆጥረዋል።"

እውነትም ሳቁ ድርቅ አለ። አቶ ለይኩን ኮስተር አሉ፤ ሹመታቸው የተመለሰ መሰላቸው። "ይኼን ዘዴ ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩን!" ብለው ሊቆጡ ሁሉ ከጅሏቸው ነበር።

ሁለቱ እጆች ወደ ቀኝ ሄዱ። ከጎድን አጥንታቸው ሥር፣ በገዛ መዳፋቸው፣ ድንች የሚያህል ጠጣር ነገር ዳሰሱ። የትህትና እጅ ቆመ። ዶክተር ፈየራ ፊቷን አይቶ ወደ አልጋው ተጠጋ። የሚስቅ ተማሪ አልነበረም።

አቶ ለይኩን ፈሩ። በሕይወታቸው እንዲህ ፈርተው አያውቁም።

እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጇ ሥር አወጡ።

"ልጄ" አሉ፣ "እስቲ እንደ ቅድሙ እንድስቅ አድርገሽ ንኪኝ።"