የባህል ቤት ስጡን

እናትዓለም እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት አንድ ቃል ነው። ቃሉን የተናገረችው ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን ራሷ ናት።

የተወለደችው ዱርቤቴ አጠገብ፣ አባቷ ድጓ ያስተምሩበት በነበረ ደብር ነው። ልጅ ሆና የምትሰማው ወሬ እኩሌታው ስለ ቤት ነበር። እገሌ ዜማ ቤት ገባ፣ እገሌ ቅኔ ቤት ሰነበተ፣ እገሌ ከአቋቋም ቤት ተመለሰ ይባላል። ቤት ማለት ጣራና ግድግዳ ብቻ እንዳልሆነ፣ መምህርና ተማሪ የሚገናኙበት፣ ዕውቀት ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ የሚሻገርበት ስፍራ እንደሆነ ማንም ሳይነግራት አወቀች። ሴት ናትና አንዱም ቤት አላስገባትም። ባሕር ዳር መጥታ ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ክፍል ስትሠራ ግን፣ አንድ የዐቢይ ጾም እሑድ፣ በቀበሌው አሮጌ አዳራሽ ደጃፍ ስታልፍ የበገና ድምፅ አቆማት። በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። መምህር ጥዑመ ልሳን ከተማሪዎቻቸው መካከል ቀና ብለው፣ «ለመስማት ነው ለመማር?» አሏት።

«ለመማር ነው» አለች። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣችው አታውቅም።

ከዓመታት በኋላ ተጋቡ። ሚስታቸው ሆናም «የኔታ» ማለቱን አልተወችም። «ምነው፣ እስካሁን ባል አላገባሽም እንዴ?» እያሉ ያሾፉባት ነበር።

አዳራሹን ቀበሌው በርካሽ የሰጣቸው ለጥበብ አስቦ አልነበረም፤ ሌላ የሚፈልገው ሰው ስለጠፋ እንጂ። ቆርቆሮው ዝጎ፣ ግድግዳው ተሸንቁሮ ነበር። የኔታ ጣራው ላይ ወጥተው ቀዳዳውን በሬንጅ ደፈኑ፤ እናትዓለም ግድግዳውን ጭቃ መረገች። በገና ጸጥታ ይፈልጋል። አውታሩ የበግ አንጀት ነውና ከጣና የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ካገኘው ይላላል፣ ቅኝቱም ይፈርሳል። ስለዚህ በሐይቁ በኩል ያለውን መስኮት በጆንያ ዘጉት። ነርሷ፣ ባጃጅ ነጂው፣ የባንክ ሠራተኛዋ፣ ሁሉም ከሥራ እየወጡ እዚያ ይማሩ ነበር።

የኔታ ባለፈው ክረምት ታመው ሞቱ። አርባቸው ሳይወጣ አዳራሹ ሊፈርስ ነው ተባለ። አብሮ መልካም ወሬ መጣ፦ በቦታው አዲስ ቤት ይሠራል፤ ከተማው ለኪነ ጥበብ ሰዎች በአነስተኛ ኪራይ ይሰጠዋል፤ ምን ዓይነት ቤት እንደሚፈልጉም ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይናገሩ።

ስብሰባው ላይ ሠዓሊዎችና የቴአትር ልጆች ብዙ አወሩ። እናትዓለም ከነጥቁር ልብሷ ተነሣች።

«እኔ ወሬ አላበዛም። የባህል ቤት ስጡን። የኔታ ያስተምሩበት የነበረውን የመሰለ፣ አቅማችን የሚችለው የባህል ቤት።»

ከኋላ ወጣቶቹ ሳቃቸውን አፈኑ። በአነጋገሯ የሳቁ መሰላት። የከተማው ባህል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ገድሉ ግን አልሳቀም። «በጣም ጥሩ! ከራሱ ከባለሙያው የመጣ ሐሳብ ነው። ይያዝልኝ!» አለ፤ ቤቱም አጨበጨበ። እናትዓለም በዚያ ምሽት ባዶ ቤቷ ገብታ፣ የኔታ ይሰሟት ይመስል፣ «ሰጡን እኮ» አለች።

ቤቱ ሲያልቅ ለማየት ሄደች። ከበሩ በላይ በቀይና በአረንጓዴ መብራት «የባህል ቤት» የሚል ተጽፏል። ከጽሑፉ ግራ ማሲንቆ፣ ከጽሑፉ ቀኝ የበሬ ሻኛ ተሥሏል። ውስጡ የቢራ ሣጥን እስከ ኮርኒሱ ተደርድሯል፤ የኔታ ይቀመጡበት በነበረው በኩል ሥጋ ተሰቅሏል። ለጥበብ ሰዎች የተባለው ርካሽ ኪራይ ጥሬ ሥጋና ቢራ ለሚሸጥ ነጋዴ ሆኗል። ያን ጊዜ ወጣቶቹ በምን እንደሳቁ ገባት። በከተማው አፍ የባህል ቤት ማለት ለካ ቁርጥ እየተበላ፣ እየተጠጣ የሚጨፈርበት ነው! ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። በቀጥታ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች።

«አቶ ገድሉ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ቤቱ ነዋ!»

«የጠየቁት ነዋ እትዬ እናትዓለም! የባህል ቤት ስጡን አላሉም? እንዲያውም በየመድረኩ እርስዎን ነው የምጠቅሰው። ማሲንቆ አለ፣ እስክስታ አለ...»

«እኔ ቤት ያልሁት እንደ ዜማ ቤት፣ እንደ ቅኔ ቤት ነው። ተማሪ የሚቀመጥበት!»

«ያው ነው። ባህል ባህል ነው።»

«ያው አይደለም! በገና ጸሎት ነው፤ ሰው በሰከረበት አይደረደርም። ይህን ሳያውቁ ነው የባህል ኃላፊ የሆኑት?»

የገድሉ ፈገግታ አልጠፋም። «ታዲያ ጠዋት ጠዋት ይግቡበት። ጠዋት ጠጪ የለም። ባለቤቱን እኔ አነጋግረዋለሁ።»

እልኸኛ ናት እንዳትባል ሞከረችው። በማግስቱ ጠዋት፣ ከየኔታ በኋላ እሷ ከምታስተምራቸው ተማሪዎች ጋር ገባች። ወለሉ በቢራ ተጣብቆ ጫማ ይይዛል፤ ጥጉ ላይ ሥጋ ቆራጩ ቢላዋ ይስላል። ነርሷ ኪዲ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌሊቱን እዚያው ያደረ አንድ ሰካራም ከጠረጴዛ ላይ ቀና ብሎ፣ «እማማ፣ ሞቅ አድርጊውማ! ማነው የሞተው?» ብሎ ጮኸ።

እናትዓለም የሞተውን ልትነግረው ፈልጋ ነበር። በገናዋን አንሥታ ወጣች።

ሐይቁ ዳር ከዋርካ ሥር ሞከሩ። የጀልባው ሞተር ድምፁን ዋጠው፣ ነፋሱ አውታሩን አላላው፤ ሲቃኙ ሰዓቱ አለቀ። ባጃጅ ነጂው ቀረ። የባንክ ሠራተኛዋም ቀረች። አንዱ ሲቀር ሌላው ሲቀር፣ የኔታ ዕድሜያቸውን የሰጡት ሥራ ዓይኗ እያየ ሊበተን ሆነ። እንደገና ወደ ገድሉ ሄደች።

«እሺ፣ ቃሉን እኔ ተሳሳትሁ እንበል። አዳራሽ ስጡን።»

«የሰርግ ነው? እሱ በጨረታ ነው።»

«የጥበብ ማዕከል።»

«የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ሱቅ ከፈለጉ፣ እሱም በጨረታ ነው።»

«የበገና ትምህርት ቤት!»

«ትምህርት ቤት ከሆነማ እኛን አይመለከትም፤ ትምህርት መምሪያ ይጠይቁ።»

የምትጠራውን ቃል ሁሉ ከእሷ በፊት አንድ ባለገንዘብ ገብቶበታል፤ ወይም አንድ ቢሮ ለሌላ ቢሮ ወርውሮታል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰውዬውን እርስዎ ስትለው ኖራለች።

«ስማ አንተ!» አለች፤ ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። «ባሌን ቀብሬያለሁ። ሥራቸውን ግን ላንተ ሥጋ ቤት ብዬ አልቀብርም!»

ሰኞ ጠዋት የቀሩትን ተማሪዎች አስከትላ መጣች። የጽሕፈት ቤቱ ጥበቃ ሂሻም በር ላይ አስቆማቸው።

«እማማ፣ ይህ የታቀፋችሁት ምንድን ነው?»

«ባለጉዳይ ነን። ይህ ጉዳያችን ነው።»

ሂሻም በገናዎቹን አያቸው፣ እሷንም አያት፤ ገለል አለ። ባለጉዳይ በሚጠብቅበት ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ጣራው አያፈስም፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ መጠጥ አይገባበትም። እናትዓለም መቃኘት ጀመረች። እዚያው ሕንጻ ካለው መሬት ቢሮ ካርታ ፍለጋ የመጡ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ተራ ሲጋፉ የነበሩት ሰዎች ጸጥ አሉ። የበገናው ድምፅ እንደ ጎርናና የሰው ድምፅ በግድግዳው ሥር እየተጎተተ ሄደ።

ገድሉ በሩን ከፍቶ ወጣ። «ምንድን ነው ይሄ? ሂሻም! አስወጣቸው እንጂ!»

«ባለጉዳይ ናቸው ጌታዬ።»

«በገና ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይ አለ?»

«በሩ ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ምን ተይዞ እንደሚመጣ አልተጻፈም ጌታዬ» አለ ሂሻም፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። አንድ ሰው ሳቀ።

ገድሉ ሕዝቡን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ እናትዓለም፣ ይግቡና እንነጋገር» አላት።

«ተነጋገርን እኮ! ቤት አልሁህ፣ ማዕከል አልሁህ፣ አዳራሽ አልሁህ። እኔ ዘንድ የቀረ ቃል የለም። እዚያው ቆመህ ስማና፣ ለዚህ የሚሆነውን ቦታ ምን እንደሚሉት አንተ ስም አውጣለት። እስክታወጣለት ትምህርታችን እዚህ ነው።»

ገድሉ እጁ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ ቀረ። እናትዓለም ወደ ኪዲ ዞረች።

«ሦስተኛው አውታር ላልቷል። አጥብቂውና እንደገና።»