የከድሮ ፊሽካ

ባለፈው ቅዳሜ ከወልቂጤ መጥቼ መኪና ለመቀየር ቡታጅራ መናኸሪያ ስወርድ አንድ ነገር አየሁ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ሽማግሌ ተራ አስከባሪ አገጩን ሊያክ እጁን አነሳ። ከአጥሩ ሥር ተደርድረው ቆሎ የሚሸጡት ሦስት ሴቶች ወሬያቸውን ሳያቋርጡ የሻሻቸውን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። ሽማግሌው አገጩን አክኮ እጁን መለሰ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ሳቃቸውን ለቀቁት።

“ምን ሆናችሁ?” አልኳቸው።

“ልማድ ነው” አለችኝ ፈቲሀ የምትባለው፣ ቆሎዬን እየሰፈረች። “መኪናህ እስኪሞላ ተቀመጥ፣ ልንገርህ።”

ሰውየው ከድሮ ይባላል። እዚህ በር ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ቆሟል። የአንገቱ ዕጢ በቀዶ ጥገና ከወጣ ወዲህ ድምፁ ከሹክሹክታ አያልፍም፤ ስለዚህ የሚናገረው በፊሽካ ነው። አንድ ረዥም ሲነፋ መኪናው ይወጣል። ሁለት አጭር ሲነፋ ሾፌሩ ተራውን ይጠብቃል። ሦስት ከነፋ ሁሉም ኪሱን ይዳብሳል፤ ሌባ ገብቷል ማለት ነው። ሚስቱን ሃሊማንም በፊሽካ ነው የሚጠራት ይሉታል፤ ይሄ እንኳ ሐሜት ነው።

ኮሮና በገባ ዓመት አፍና አፍንጫውን ያልሸፈነ መኪና እንዳይሳፈር ተከለከለ። ሰዉን እንዲያሸፍን ከድሮ ታዘዘ። ግን ፊሽካ በጨርቅ ውስጥ አይነፋም። መጀመሪያ ቀን ማስኩን እንዳጠለቀ ሲሞክር ጉንፋን የያዛት ጫጩት ድምፅ ወጣ፤ መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። ሌላ መንገድ አልነበረም። ማስኩን ወደ አገጩ ያወርዳል፣ ይነፋል፣ ይመልሳል።

“ጋሽ ከድሮ፣ ኮሮና ፊሽካ ይፈራል እንዴ?” ይለዋል አንድ ረዳት።

“አንተስ ማስኩን አገጭህ ላይ ያደረግከው ብርድ እንዳይመታው ነው?” ይላል ከድሮ፣ ጆሮው ሥር ተጠግቶ።

አንዲት ኒቃብ የለበሰች ሴት ደግሞ ፊሽካው ሲጮህባት፣ “ወላሂ እኔ ኮሮና ሳይወለድ የሸፈንኩ ነኝ!” ብላው አለፈች።

ቀስ በቀስ ሰዉ ለመደ። ማስኩ ኪስ ውስጥ ወይም አገጭ ላይ ይውላል። የከድሮ እጅ ወደ አገጩ ስትሄድ ግን፣ ፊሽካው ገና ሳይሰማ፣ መቶ እጅ ወደ መቶ አፍንጫ ይወጣል። እሱ ሲገልጥ ሕዝቡ ይሸፍናል። ነፍቶ ጨርሶ ሲሸፍን ሕዝቡ ይገልጣል። ይህን ስሰማ ቆሎው አፌ ውስጥ ቆመ። እንደ ሚዛን ነው! አንዱ ጎን ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ መሀል ላይ ደግሞ አንዲት ቀጭን ፊሽካ።

አንድ ቀን ከድሮ ማስኩን አውርዶ ሲነፋ አንዱ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። የተራ አስከባሪዎቹ አለቃ ተረፈ ጠራው።

“ከድሮ ወንድሜ፣ ከላይ ተደውሎልኛል። ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣል። አፍህ ተገልጦ ከታየ ሰደርያውን ታስረክባለህ።”

“በምን ልናገር ታዲያ?”

“በእጅህ አሳያቸዋ!”

ድምፅ የሌለውን ሰው በዚያ ዕድሜው ሌላ ማን ይቀጥረዋል? ሐሙስ ጠዋት ሃሊማ ማስኩን አጥባ ተኩሳ ሰጠችው። እስከ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ፣ በሩ ላይ ቆመ። ሰዉ ሲገባ “ሸፍኑ” ለማለት እጁን ወደ ፊቱ እያነሳ ያወዛውዛል። ሰዉ ሰላምታ መሰለው።

“ወዓለይኩሙ ሰላም፣ ጋሽ ከድሮ!” እያሉ እጃቸውን እያነሱለት አለፉ።

አንዱን ገበሬ ክንዱን ይዞ አንሾካሾከለት። ሹክሹክታው ግን ከጨርቁ አልወጣም።

“ወደ እንሴኖ አይደለም፣ ወደ ቆሼ ነው የምሄደው” አለው ገበሬው።

የተቆጣጣሪዎቹ ነጭ መኪና በሩ ላይ ሲቆም መናኸሪያው ሙሉ ባዶ ፊት ነበር። የተሸፈነው ከድሮ ብቻ።

“አየሁት” አለች ፈቲሀ። “አንዴ እኛን አየ፣ አንዴ መኪናውን አየ። ሰደርያውን ዳበሰ። ከዚያ ማስኩን አወረደው።”

አንድ ረዥም ነፋ። አስረስ የሚባለው ተቆጣጣሪ ከመኪናው ወርዶ ቀና ሲል መናኸሪያው እንዳለ ተሸፍኗል፤ ሾፌሮቹ፣ ረዳቶቹ፣ ቆሎ ሻጮቹ፣ የቆሼው ገበሬ ሳይቀር በጋቢው። ፊቱ የሚታይ አንድ ሰው ብቻ፣ እሱም ሰደርያ የለበሰ።

“አባባ፣ አስከባሪው እርስዎ ነዎት፤ ያልሸፈኑትም እርስዎ ብቻ?”

“ሰዉን አሸፍን ነው ያሉኝ” አለ ከድሮ። “እኔ ብቻዬን ተሸፍኜ ብቆም ምን ሠራሁ?”

አስረስ ጎንበስ ብሎ ሰማው። ደብተሩን ገልጦ ጻፈ። ያለ ማስክ የተገኘ፦ አንድ።

ማታ ከድሮ ሰደርያውን አጥፎ አስረከበ። በቦታው ድምፀ መረዋ ጎረምሳ ቆመ፤ “ማስክ! ማስክ!” እያለ ሲጮህ ይውላል፣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

“መናኸሪያ ውስጥ የማይጮህ ማን አለ?” አለችኝ ፈቲሀ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተረፈ ሰደርያውን በብብቱ ይዞ ከድሮ ቤት ሄደ። ሃሊማ ከበሩ ላይ፣ “ጨርቅህን የሚለብስልህ አጣህ?” አለችው። ተረፈ አቀርቅሮ ሳቀ።

“ከድሮ፣ ተመለስ። ስትነፋ ግን ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር። ከጀርባ ፎቶ ቢያነሱህ ምንም አይታይም።”

መኪናዬ ሞላ። ዛሬ ማስክ የሚለብስ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። ከድሮ እጁን ወደ አገጩ ወሰደ፣ የሚያወርደው ነገር ስላጣ ፂሙን ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ለእኛ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ አንድ ረዥም ነፋ።