«ኤክሴፕሽን» የታገደበት ውይይት

ቴሜስካል በሚባለው ሰፈራችን በሚገኝ ምግብ ቤት አዳራሽ በየወሩ የአማርኛ ፊልም አሳያለሁ። ተመልካቹ አንዱን ፊልም ሲያደንቅ ሌሎቹን ሁሉ ይሰድባል፦ «የአማርኛ ፊልም አልወድም፤ ይሄ ግን ኤክሴፕሽን ነው።» ባለፈው ወር አንዲት ወጣት የመጀመሪያ ፊልሟን ይዛ ከሳን ሆዜ መጣች። ሥራዋ በራሱ እንዲመዘን ቆርጬ ስለነበር፣ «ኤክሴፕሽን» የሚለውን ቃል ከውይይቱ አገድኩ። ፊልሙ አልቆ መብራቱ ሲበራ የሚናገር ጠፋ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች፤ እኔ ግን እገዳውን አላነሣሁም። በመጨረሻ የዘወትር ተመልካቻችን ጋሽ ተፈራ ዓይናቸውን በናፕኪን እየጠረጉ እጃቸውን አወጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የአማርኛ ፊልም ባየች ቁጥር የማሾፍባት ባለቤቴ ይኸው አጠገቤ ሆና ስነፋረቅ አየችኝ። ያንን ቃል ከከለከልሽኝ፣ ምን ልበላት?»