በሁለት ፊደል የተነገረ ጥፋት

ችግሩ ዝምታ ነበር። አምቡላንስ የሚያሰማራውን ፕሮግራም የሚጽፉት የአንዲት ፕሮግራመር ባልደረቦች ጥፋታቸውን በሆዳቸው ይዘው ይቆዩና፣ ነገሩ የሚወጣው ከተበላሸ በኋላ ነበር። ሰው ለምን ይደብቃል? «ኮዱን አበላሽቻለሁ» ብሎ መጻፍ እንደ ሬት ስለሚመር ነው አለች፤ በቀልድ ካሳጠሩት ግን ይዋጣል። ስለዚህ መልእክት በሚለዋወጡበት ግሩፓቸው ላይ «ጣ/ነ»ን ጀመረች፦ እኔ አይደለሁም፣ ጣቴ ነው። «እ/ይ» ደግሞ ብልሽት ሲነገረው «እኔ ጋ ይሠራል» ለሚል ሁሉ። እንዴት ያለ መድኃኒት ሆነ መሰላችሁ! ዝምተኞቹ ሁሉ ተናዛዥ ሆኑ፤ እሷም «አሳጣሪዋ» ተባለች።

አንድ ቀን ከሰዓት አዲስ የተቀጠረው ፕሮግራመር «ጣ/ነ» ብሎ ጻፈ። ሳቁ ጎረፈ። እሷም መልስ ጀምራ ነበር፤ ምን እንደነካ ለማየት ኮዱን ስትከፍት ግን መልሱን ተወችው። ፕሮግራሙ አምቡላንሱን የሚልከው አሁን ወደ ደወለው ሰው ሳይሆን ከእሱ በፊት ወደ ደወለው ሰው አድራሻ ነበር፤ ለውጡም ሥራ ላይ ውሏል። ፕሮግራሙን የማቆም ፈቃድ ያላቸው ሁለት ባልደረቦቿ የሚሠሩት ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው።

«አሁኑኑ አቁሙት!» ብላ ጻፈችላቸው።

«እ/ይ» አለ አንዱ።

«ቀልድ አይደለም!»

«ቀ/አ!» አለ ሌላው። «አሳጣሪዋ፣ ይቺ ደግሞ አዲስ ናት!»

የዘራችውን አጨደች። ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ከታች፣ ስምሪት ክፍል ውስጥ፣ ጥሪ ተቀባይዋ «እህቴ፣ አምቡላንሱ በርሽ ላይ ደርሷል እኮ ይላል ኮምፒውተሩ» እያለች ነው፤ ከስልኩ ማዶ የምታምጥ ሴት ትጮኻለች።

«በር ላይ አይደለም! ሾፌሩን በሬዲዮ ጥሪው፣ አድራሻውን በአፍሽ ንገሪው!»

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

«በኋላ እነግርሻለሁ፣ ጥሪው!»

በሬዲዮው የሾፌሩ ድምፅ መጣ። «ባዶ ቤት ነው የማንኳኳው። ልመለስ ወይ?»

ጥሪ ተቀባይዋ ትክክለኛውን አድራሻ ነገረችው። አምቡላንሱ ሲደርስ ሕፃኗ ቀድማው፣ የእናቷ ቤት መግቢያ ደረጃ ላይ ተወልዳ ነበር። እናትም ልጅም ተረፉ፤ ሁለቱ ባልደረቦቿም ነገሩ ገብቷቸው ፕሮግራሙን አቆሙት።

ከዚያ ወዲህ አዲሱ ፕሮግራመር ግሩፑ ላይ አንዲት ፊደል አልጣለም። ቀልዱ ይከልከል ያሉ ነበሩ፤ እሷ ግን እምቢ አለች፣ ያ የድሮው ዝምታ እንዳይመለስ። አሁን የምትሞክረው ሌላ ነው፦ ጥፋቱ በቀልድ ይነገር፣ ከሥሩ ግን ማን ሊጎዳ እንደሚችል ሳያጥር በሙሉ ቃል ይጻፍ። ዛሬ ጠዋት ወንበር ስባ ከአዲሱ ፕሮግራመር ጎን ተቀምጣለች። የሆነ ነገር አበላሽቷል፤ ፊቱ ይናገራል። «ጣ/ነ» ብሎ ጽፎ ቆሟል።

«በል የኔ ወንድም» አለችው፣ «ሳይቃጠል በቅጠል። ቀጥል፣ እዚሁ ነኝ።»