ፊውዙ ማን ኪስ ነው ያለው?

ዛሬ ጠዋት የሱቄን ቁልፍ ከኪሴ ሳላወጣ "ሙላት አረፈ" አሉኝ። "ሂዱ ወዲያ! ትናንት መሰላሌን ተውሶኝ ገና አልመለሰም እኮ" አልኳቸው። እስካሁንም አላመንኩም።

የማታውቁት ካላችሁ፣ ሙላት ሶማሌ ተራ ከኔ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ያለው፣ እንደኔው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ቀናሁበት። ዛሬ ሁሉም "ደግ ነበር፣ ሳቂታ ነበር" እያለ ይለጥፋል፤ እኔ ግን እውነቴን ልናገር።

በየዓመቱ የኮሌጅ ልጆች ለአፓረንት፣ ለሥራ ልምምድ ማለቴ ነው፣ ደብዳቤ ይዘው ይመጣሉ። የኔ ሱቅ ከሱ ይሰፋል፣ ሥራዬም ይበዛል። ደብዳቤው ሁሉ ግን እሱ ጋ! እኔ ጋ የሚመጡት እሱ ጋ ቦታ ያጡት ናቸው፤ እነሱም ዓይናቸው እሱ በር ላይ ነው። እሳት ጎርሼ እውል ነበር።

አምና የገዛ ልጄ የሜሮን ተራ ደረሰ። ጠረጴዛ አዘጋጀሁላት፣ አዲስ ፒንሳ ገዛሁላት። እሷ ሆዬ ደብዳቤዋን ይዛ በሬን አልፋ ሙላት ጋ ገባች! ሰፈር ምን ይለኛል?

ወደሚሠራበት ሄጄ "ልጄን ወሰድክብኝ አይደል?" ብዬ አፈጠጥኩበት።

መሰላል ላይ እንደቆመ "እኔ አልወሰድኳትም። አንተ ፊውዙን ሰጥተሃት አታውቅም" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙላት ሥራ ሲጀምር ፊውዙን ነቅሎ ለአዲሱ ተለማማጅ ይሰጣል። ፊውዙ ልጁ ኪስ እስካለ ድረስ መብራቱን ማንም መመለስ አይችልም። ከዚያ መሰላሉ ላይ ወጥቶ "ፊውዙ ማን ኪስ ነው ያለው?" ይላል። "እኔ ኪስ!" ካልተባለ ሽቦ አይነካም። ትናንት ለመጣ ልጅ ነፍሱን አደራ ይሰጥ ነበር እኮ!

ያን ቀን ሜሮን ኪሷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ስጠራት እንኳ ዞር አላለችም። እኔ ጋ ብትሆን "አትንኪ! ሂጂ ሻይ እዘዢልኝ" ነበር የምላት። ቅናቱ አንገበገበኝ፤ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳሁት።

ሙሌ፣ ከሰዓት ከራጉኤል ጀርባ ቤትህ ደጅ ለተተከለው የለቅሶ ድንኳንህ መብራት የዘረጋሁት እኔ ነኝ። መሰላሌን ግቢህ ውስጥ አገኘሁት። ሁለቱ ተለማማጆችህ ደብዳቤያቸው ሳይፈረም በር ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር። ሜሮን "አባዬ፣ አንተ ተቀበላቸው" አለችኝ።

የቤትህን ፊውዝ ነቅዬ ከተለማማጆችህ ለትንሿ ልጅ ሰጠኋት። መሰላሉ ላይ ወጥቼ ሁለቴ ሦስቴ ዞሬ ኪሷን አየሁ። ለካ ፈሪ ነበርኩ፣ ሙሌ።

"ፊውዙ ማን ኪስ ነው ያለው?" አልኩ።

"እኔ ኪስ!" አለች፣ እንባዋ እየወረደ። ሽቦውን ያዝኩ።

ድንኳኑን የሞሉት አንተ ያስተማርካቸው ናቸው። እኔን ማን እንዲህ ያለቅስልኛል ብዬ እዚያም ቀናሁብህ! ልጆቹን ነገ እቀበላቸዋለሁ። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ ደግሞ፤ ስሜን እንዳንተ እንዲጠሩልኝ ነው።

ደህና ሁን ወንድሜ። በቃ እጅህን አሳርፍ፤ ፊውዙ እኛ ኪስ ነው።